ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት፦ ያረጀ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ እየሞተ መሆኑን እንዴት እናውቃለን?

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ቢቸናም ሆነ ዳንግላ፣ ኮምፒውተር ጥገና ቤት በር ላይ ትንሽ ብትቆሙ አንድ ነገር ደጋግማችሁ ትሰማላችሁ። «ላፕቶፑ ዘገየብኝ፣ ስታክ ያደርጋል፣ ፎርማት አድርግልኝ።» ጠጋኙም እሺ ይላል። ዊንዶውስ እንደገና ይጫናል። ላፕቶፑ ለተወሰነ ጊዜ ይሻለዋል። ከዚያ ያው ችግር ይመለሳል። አንዳንዴም ጭራሹን አይነሳም።

ብዙ ጊዜ የታመመው ዊንዶውሱ ሳይሆን ሃርድ ዲስኩ ነው። እየሞተ ያለን ዲስክ ፎርማት ማድረግ ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው። ፋይሉ ይሄዳል። ዲስኩም በተንጠፈጠፈ አቅሙ ብዙ ጊጋባይት እንዲጽፍ ይገደዳል። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙልኝ ቅደም ተከተሉን ያዙልኝ፦ መጀመሪያ ፋይሉ ይውጣ፣ ቀጥሎ ዲስኩ ይመርመር፣ ፎርማት የሚባለው ነገር ከሁሉም በኋላ ይምጣ።

የምናወራው 2.5 ኢንች የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ስላላቸው የቆዩ ላፕቶፖች ነው። መምህራን ፈተና የሚያወጡባቸው፣ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩባቸው፣ የእድር ጸሐፊዎች መዝገብ የሚይዙባቸው ናቸው። ላፕቶፑ ቢያረጅም ውስጡ ያለው ግን በገንዘብ አይተመንም።

መጀመሪያ ጆሯችሁን ስጡት

ሃርድ ዲስክ ውስጥ ክብ ሰሌዳዎች አሉ። በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራሉ፤ አንዳንዶቹ 7,200። የሚያነበው ሄድ ሰሌዳውን አይነካም። በቀጭን አየር ላይ፣ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ይንሳፈፋል። ሄዱ ሰሌዳውን ከነካ ነገሩ ያበቃለታል።

ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ እጃችሁን ከምታሳርፉበት ቦታ በታች፣ በግራ ወይም በቀኝ በኩል ነው ያለው። ላፕቶፑን ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ አብሩትና ጆሯችሁን እዚያ ቦታ ላይ አስጠጉ። የማራገቢያው ድምፅ ከሌላ በኩል ስለሚመጣ ከዲስኩ ጋር እንዳይምታታባችሁ። ጤነኛ ዲስክ ለስላሳ «ሽሽ» የሚል ድምፅ አለው። አልፎ አልፎም አንድ ቀለል ያለ «ጠቅ» ያሰማል፤ ሄዱን ወደ ማረፊያው ሲመልስ ነው። ይህ አያስደነግጥም።

የሚያስደነግጠው «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ በእኩል ምት የሚመላለሰው ነው። ሄዱ ቦታውን ፈልጎ እያጣ፣ እየተመለሰ እንደገና እየሞከረ ነው ማለት ነው። የብረት ፍጭት ዓይነት ድምፅ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ዲስኩ ሳይሽከረከር ቀጭን «ጢ፣ ጢ» የሚል ድምፅ ካለ ሞተሩ ወይም ሄዱ ተጣብቋል። በእነዚህ በሦስቱም ጊዜ ላፕቶፑን ወዲያው አጥፉ። እስቲ አንዴ ልሞክረው ብላችሁ ደግማችሁ አታብሩት። ፋይሉ የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የዳታ ሪከቨሪ ባለሙያ ነው። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት የሚለውን የቆየ ምክር አትስሙ፤ ዲስኩ ውስጥ ጤዛ ይፈጠራል። ክዳኑንም አትክፈቱ። በአንድ ብናኝ ምክንያት ሰሌዳው ይቧጨራል፤ የባለሙያዎቹ ክፍል አየሩ የተጣራ የሆነው ለዚህ ነው።

ድምፁ ጤነኛ ከሆነ ቀጥሉ። ግን ተዝናንታችሁ አይደለም። ብዙ ዲስክ ያለ ምንም ድምፅ ይሞታል።

ያለ ድምፅ የሚታዩት ምልክቶች እነዚህ ናቸው። አንድ የተወሰነ ፋይል ወይም ፎልደር ስትከፍቱ ብቻ ማሽኑ ደርቆ ይቀራል፣ ከደቂቃ በኋላ ነፍስ ይዘራል። ፋይል ኮፒ ስታደርጉ ፍጥነቱ ወደ ዜሮ ይወርድና እዚያው ይቆማል። ዊንዶውስ በተነሳ ቁጥር «ዲስኩን እየጠገንኩ ነው» ይላል። የፎልደር ስም ወደማይነበብ ምልክት ይለወጣል።

ዊንዶውስ ከተነሳላችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱና «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ዲስኩን ተመልከቱ። ዊንዶውስ 10 በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ሲነሳ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች 100 ፐርሰንት ማሳየቱ የተለመደ ነው። በዚህ ብቻ አትፍረዱ። እሱ ካለፈ በኋላም 100 ፐርሰንት ሆኖ፣ የሚነበበው ግን በሰከንድ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ከሆነ፣ ምላሽ የሚሰጥበት ጊዜም በሺህ የሚቆጠር ሚሊሰከንድ ከሆነ ዲስኩ እየታገለ ነው። ኢቨንት ቪወር በሚባለው የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ውስጥ «ሲስተም» የሚለውን ስትከፍቱ ከ«ዲስክ» የመጣ ቁጥር 7 ስህተት ካገኛችሁ፣ ዊንዶውስ ራሱ «የተበላሸ ብሎክ አለ» እያላችሁ ነው።

ፋይሉን አውጡ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ከማናቸውም ምርመራ በፊት ፋይል ይወጣል። ምርመራ ራሱ ዲስኩን ያደክማል። በተለይ ቼክ ዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ መጠገኛ አሁን አትንኩት። ቼክ ዲስክ የሚጠግነው የፋይሉን አደረጃጀት እንጂ ብረቱን አይደለም። ደካማ ዲስክ ላይ ሲሮጥ ለሰዓታት ያስጨንቀዋል፤ ሊወጣ ይችል የነበረ ፋይልንም ቆራርጦ ሊጥለው ይችላል።

ዊንዶውስ የሚነሳ ከሆነና የምትፈልጉት ጥቂት ሰነድ ከሆነ እዚያው ሆናችሁ ወደ ፍላሽ ኮፒ አድርጉ። ግን የተሻለ መንገድ አለ። ዊንዶውስ በተከፈተ ቁጥር እናንተ ምንም ባትነኩ እንኳ ዲስኩ ላይ ይጽፋል። ስለዚህ ላፕቶፑን ከፍላሽ አስነሱት። ለቆየ ላፕቶፕ ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው፣ እንደ ዊንዶውስ ያለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይመቻል። 2 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል፤ 4 ካለ የተሻለ ነው። የሚወርደው የሚንት ፋይል 3 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ በሞባይል ዳታ ከማውረድ ዋይፋይ ያለው ሰው መጠየቅ ይሻላል። በሌላ ኮምፒውተር፣ ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም፣ ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ይጻፋል። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ልብ በሉ።

ፍላሹን ሰክታችሁ ላፕቶፑን ስታበሩ ኤችፒ ከሆነ ኢኤስሲ ቀጥሎ ኤፍ9፣ ዴል፣ ሌኖቮ ወይም ቶሺባ ከሆነ ኤፍ12 ደጋግማችሁ ተጫኑና ፍላሹን ምረጡ። ሚንት ቀጥታ ይከፈትላችኋል። ዴስክቶፑ ላይ «ኢንስቶል» የሚል ምልክት ታያላችሁ፤ እሱን እንዳትነኩት። የዊንዶውሱ ክፍል በንባብ ብቻ ቢከፈትላችሁ ደስ ይበላችሁ። የምትፈልጉት ማንበብ ነው።

አሁን ቅደም ተከተሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሙሉውን ዲስክ በአንዴ ለመገልበጥ ሲሞክር ነው። ፊልሙና ዘፈኑ እየተገለበጠ ሳለ ዲስኩ ይሞታል፤ የመመረቂያ ጽሑፉ እዚያው ይቀራል። ቁጭ ብላችሁ በወረቀት ጻፉ። ዳግም ሊገኝ የማይችለው የትኛው ነው? የሠርግ ፎቶ፣ የለቅሶ ቪዲዮ፣ የእድር ሂሳብ፣ የተማሪ ውጤት፣ ያልታተመ ጽሑፍ። እነሱ ይቅደሙ። «ዩዘርስ» የሚለው ፎልደር ውስጥ በስማችሁ ያለውን ክፈቱና ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ እና ፒክቸርስ እያላችሁ አንድ በአንድ አውጡ።

እኛ አገር የሚረሳ አንድ ነገር አለ፤ ፎንቱ። ብዙ የቆየ ሰነድ የተጻፈው በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ወይም ፓወር ግዕዝ ፎንት ነው። ዩኒኮድ አይደለም። ሰነዱን አውጥታችሁ ፎንቱን ከተዋችሁት፣ አዲሱ ማሽን ላይ ስትከፍቱት አማርኛው ሁሉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይመጣል። ፋይሉ ተበላሸ ብለው የጣሉት ሰዎች አሉ። ስለዚህ «ዊንዶውስ» ፎልደር ውስጥ ያለውን «ፎንትስ» የሚባለውን ፎልደርም አብራችሁ ገልብጡት።

ኮፒው አንድ ፋይል ላይ ከደረቀ አትጠብቁት። ኮፒውን አቋርጡት፣ የፋይሉን ስም ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ወደ ቀጣዩ እለፉ። ሌላውን ሁሉ ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ ደረቀው ትመለሳላችሁ። እዚያው ላይ መጎተት ዲስኩን የሚገድል ዋና ነገር ነው።

ውጫዊ ዲስክ ከሌላችሁና ኔትወርክ ካለ ወሳኝ ሰነዶችን በቴሌግራም ወደ ራሳችሁ «ሴቭድ ሜሴጅስ» ላኩ። ለአንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል። ፎቶ ሲሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለበለዚያ ጥራቱን ይቀንሰዋል። ገበያ ላይ በርካሽ «ባለ 2 ቴራ» ተብሎ የሚሸጥ ፍላሽን ግን አትመኑ። ብዙዎቹ ትክክለኛ አቅማቸው ጥቂት ጊጋባይት ነው። ከሞሉ በኋላም የተቀበሉ መስለው ፋይሉን ያጠፉታል። የገለበጣችሁትን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ ካላያችሁት ወጥቷል አትበሉ።

ሙሉውን ዲስክ ማውጣት የግድ ከሆነ ዲዲሬስኪው የሚባል የሊኑክስ መሣሪያ አለ። መጀመሪያ ጤነኛውን ክፍል ቶሎ ቶሎ ይሰበስባል፣ መጥፎውን ይዘለዋል፣ በመጨረሻ ተመልሶ ይታገለዋል። የት እንደደረሰ ማስታወሻ ፋይል እንዲይዝ ካደረጋችሁት መብራት ቢጠፋ እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል። እኛ አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አጠቃቀሙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምንጩንና መድረሻውን ካምታታችሁ ባዶውን ዲስክ በሙሉው ላይ ትገለብጡታላችሁ። የማያውቀው ሰው የሚያውቀውን ይዞ ይሥራ።

ዲስኩ ራሱ የጻፈውን መዝገብ አንብቡ

ፋይሉ ወጣ። አሁን ምርመራ።

እያንዳንዱ ዲስክ ስለ ራሱ መዝገብ ይይዛል። ስማርት ይባላል። ዊንዶውስ ላይ ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ክፈቱ። ሰማያዊ ከሆነ ጤነኛ፣ ቢጫ ከሆነ ጥንቃቄ፣ ቀይ ከሆነ መጥፎ ይላል። በሚንት ላይ ከሆናችሁ «ዲስክስ» የሚለውን ፕሮግራም ክፈቱ፣ ዲስኩን ምረጡ፣ ከላይ ካሉት ነጥቦች ውስጥ የስማርት ዳታን ምረጡ።

ቀለሙን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት። ቁጥሮቹን አንብቡ። ክሪስታልዲስክኢንፎ ጥሬ ቁጥሩን የሚያሳየው በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ስለሆነ «ፈንክሽን»፣ ቀጥሎ «አድቫንስድ ፊቸር»፣ ቀጥሎ «ሮው ቫልዩስ» ገብታችሁ 10 የሚለውን ምረጡ። አሁን በተለመደው ቁጥር ይታያችኋል።

ዓይናችሁን የምትጥሉት በሦስት መስመሮች ላይ ነው። ቁጥር 5 ዲስኩ «ይህ ቦታ አይረባም» ብሎ በመጠባበቂያ የተካቸው ሴክተሮች፣ ማለትም መረጃ የሚቀመጥባቸው ትንንሽ ክፍሎች፣ ብዛት ነው። ቁጥር 197፣ ክሪስታልዲስክኢንፎ ላይ ሲ5 ተብሎ የሚታየው፣ ሊነበቡ ያልቻሉ ግን ገና ያልተፈረደባቸው ሴክተሮች ነው። ቁጥር 198፣ ማለትም ሲ6፣ ዲስኩ ራሱን ሲፈትሽ ማንበብ ያቃተው ነው። ሦስቱም ዜሮ ሲሆኑ ጥሩ ነው። ቁጥር 187 እና 188 ካሉ እነሱም ዜሮ ቢሆኑ ይመረጣል።

ቁጥር 1 እና ቁጥር 7 ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር ቁጥር ስታዩ አትደንግጡ። ሲጌት ዲስኮች ላይ እንዲህ መሆኑ የተለመደ ነው። ስህተቱ ብቻ ሳይሆን የሥራው ብዛትም አብሮ የተቆጠረበት ቁጥር ነው። በዚህ ምክንያት ጤነኛ ዲስክ የጣለ ሰው አይጠፋም።

199፣ ማለትም ሲ7፣ የተለየ ነው። ይህ የሚጨምረው በዲስኩና በቦርዱ መካከል ያለው መረጃ ሲዛባ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የኬብሉ ወይም የሶኬቱ ነው። ዲስኩን አውጥታችሁ ሶኬቱን አጽድታችሁ መልሱትና ቁጥሩ መጨመሩን ካቆመ ዲስኩ ንጹሕ ነው። የድሮው ቁጥር ግን አይጠፋም፤ ማየት ያለባችሁ መጨመሩን ነው።

ቁጥር 9 የሠራበትን ሰዓት ይነግራችኋል። 20,000 ሰዓት ማለት በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ ወደ 7 ዓመት ገደማ ነው። «ስላይትሊ ዩዝድ ነው፣ ምንም አልተሠራበትም» ተብላችሁ ላፕቶፕ ስትገዙ መጀመሪያ ይህን መስመር እዩ። ሻጩ ካላሳየ አትግዙ። ይህ ቁጥር በሌቦች ሊመለስ ስለሚችል ንጹሕ መሆኑ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ መቆሸሹ ግን አይዋሽም።

አንድ ማሳሰቢያ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትሎ ያወጣው ጥናት ሁለት ነገር አሳይቷል። አንደኛ፣ ዲስኩ ራሱን ሲፈትሽ የመጀመሪያ ስህተት ያሳየ ዲስክ፣ ካላሳየው ይልቅ በ60 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ 39 እጥፍ ነበር። ሁለተኛ፣ ከሞቱት ዲስኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዋና ዋናዎቹ አራት የስማርት ምልክቶች ላይ ምንም አላሳዩም ነበር። እነዚያ ዲስኮች የሰርቨር ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ናቸው፤ ትምህርቱ ግን ለእኛም ይሠራል። መዝገቡ መጥፎ ካለ እመኑት። ደህና ነው ካለ ግን ፋይላችሁን አንድ ቦታ ብቻ አስቀምጣችሁ አትተኙ።

ዲስኩ ነው ወይስ መብራቱ?

እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ጊዜ ወስዶ ማየት ይገባል ባይ ነኝ። ምክንያቱም እኛ አካባቢ ብዙ ዲስክ ያለ ጥፋቱ ይፈረድበታል፤ ብዙው ደግሞ ጥፋቱ ሳይታወቅ ይለቀቃል።

ያረጀ ላፕቶፕ ባትሪው አብዛኛውን ጊዜ ሞቷል። በቻርጀር ብቻ ነው የሚሠራው። መብራት ጭልጥ ሲል ላፕቶፑም አብሮ ጭልጥ ይላል። ዲስኩ በዚያች ቅጽበት እየጻፈ ከነበረ ጽሑፉ ግማሽ ላይ ይቀራል። ሴክተሩ ጤነኛ ነው፤ የያዘው ነገር ግን ከማረጋገጫ ኮዱ ጋር አይገጥምም። በኋላ ሊያነበው ሲሞክር ያቅተዋል። 197 ላይ ይመዘግበዋል። ክሪስታልዲስክኢንፎም ቢጫ ይሆናል። ብረቱ ግን ምንም አልሆነም።

ይህን ከእውነተኛ ብልሽት የምትለዩበት መንገድ አለ። በቅድሚያ ቁጥር 192ን ከቁጥር 12 ጋር አስተያዩ። 12 ዲስኩ ስንት ጊዜ እንደበራ ነው። 192 ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ሄዱ ስንት ጊዜ በድንገት እንደተሰበሰበ ነው። በአንዳንድ ዲስክ ላይ ተራ መዝጋትም ይቆጠራል፤ ስለዚህ ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይደለም። እንበልና 12 ላይ 1,900፣ 192 ላይ 1,100፣ 197 ላይ 24፣ 5 ላይ ደግሞ ዜሮ አገኛችሁ። ይህ ላፕቶፕ ከግማሽ በላይ ጊዜ የተዘጋው በመብራት መጥፋት ሊሆን ይችላል። 24ቱ ሴክተሮች የመብራቱ ሥራ ሊሆኑ ይችላሉ።

ማረጋገጫው ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር መጻፍ ነው። አንድ ያልተፈረደበት ሴክተር ላይ አዲስ ነገር ሲጻፍበት ዲስኩ መልሶ ይፈትነዋል። ጤነኛ ከሆነ ይለቀዋል፤ 197 ይቀንሳል። ካልሆነ በመጠባበቂያ ይተካዋል፤ 5 ይጨምራል። ይህን የምታደርጉት ፋይሉ ወጥቶ ካበቃና ሌላ ቦታ መከፈቱን ካያችሁ በኋላ ብቻ ነው። ሁሉም ነገር ይጠፋል።

በሚንት «ዲስክስ» ውስጥ ሙሉውን ዲስክ ፎርማት ስታደርጉ በዜሮ የሚጽፈውን፣ ዘገምተኛውን ምርጫ ውሰዱ። ዲስኩን አውጥታችሁ በዩኤስቢ ኬዝ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ካገናኛችሁት የዊንዶውስ ሙሉ ፎርማትም ይሠራል፤ «ኩዊክ» የሚለውን ምልክት አንሱት። ባለ 500 ጊጋባይት ዲስክ ላፕቶፑ ውስጥ ሆኖ 2 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል፤ በድሮው ዩኤስቢ 2.0 ከሆነ ከ4 ሰዓት በላይ። መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ያንኑ ችግር እንደገና ትፈጥራላችሁ። ስለዚህ ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባለ ባትሪ መሣሪያ) ተዋሱ።

ሲጨርስ ስማርቱን ድጋሚ አንብቡ። 197 ወደ ዜሮ ወርዶ 5 ካልተንቀሳቀሰ ጥፋቱ የመብራቱ ነበር። ባትሪ ግዙ፣ ዲስኩ ገና ይሠራል። 5 ወደ ላይ ከዘለለ፣ ወይም 197 ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሶ ከመጣ፣ ሰሌዳው ራሱ ተጎድቷል። ያ ዲስክ ከእንግዲህ ቁምነገር አይቀመጥበትም።

በመጨረሻ ረጅሙን የራስ ፍተሻ አስጀምሩ። እዚያው «ዲስክስ» ውስጥ፣ የስማርት መስኮት ላይ፣ «ኤክስቴንድድ» የሚለው ነው። ዲስኩ ራሱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነባል። ላፕቶፑ እንዳይተኛ ስሊፑን አጥፉ። የንባብ ስህተት ብሎ ካቆመ ክርክር የለም። ኤችፒና ዴል የራሳቸው መፈተሻም አላቸው፤ ኤችፒ ሲበራ ኢኤስሲ ቀጥሎ ኤፍ2፣ ዴል ኤፍ12 ውስጥ «ዳያግኖስቲክስ»። ዴል ላይ 2000-0142 የሚል ቁጥር ከወጣ ዲስኩ የራሱን ፍተሻ ወድቋል ማለት ነው።

ከዲስኩ ውጭ

ሁሉም ነገር ንጹሕ ሆኖ ላፕቶፑ አሁንም ከታመመ ሌሎቹን እዩ። ሰማያዊ ስክሪን በየጊዜው በተለያየ ስም የሚመጣ ከሆነ ራሙን ፈትሹ። ማራገቢያው አቧራ ጠግቦ ከሆነ ሙቀት ነው። ቁጥር 194 የዲስኩን ሙቀት ያሳያችኋል። አብዛኛው የላፕቶፕ ዲስክ እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈቀድለታል፤ ከ50 በታች ብታቆዩት ግን ጥሩ ነው። ፍራሽና ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መሥራት ይቅር።

ከፍታውስ? ይህን የሚጠይቁ አሉ፤ ጥያቄውም ልክ ነው። ሄዱ የሚንሳፈፈው በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ወደ ሰሌዳው ይቀርባል። የብዙ አምራቾች ገደብ 3,048 ሜትር ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ፣ እንጅባራ 2,500 ገደማ ስለሆኑ ችግር የለም። ጮቄ ተራራ ግርጌና ወገብ ላይ ያሉ ከ3,000 በላይ የሆኑ ቀበሌዎች ውስጥ ለሚሠራ ላፕቶፕ ግን ከመጀመሪያውም የማይሽከረከረውን፣ ኤስኤስዲ የሚባለውን እመክራለሁ። ዲስኩ ላይ ያለችውን ትንሽ የአየር ቀዳዳም በፕላስተር አትሸፍኗት። ብዙውን ጊዜ «አትሸፍን» የሚል ጽሑፍ አጠገቧ አለ።

ስለ መንገድ ደግሞ። የላፕቶፕ ዲስክ ጠፍቶ እያለ ወደ 1,000 ጂ (የመሬት ስበት 1,000 እጥፍ) ገደማ ግጭት ይችላል፤ እየሠራ ሳለ ግን አቅሙ 350 ወይም 400 ጂ አካባቢ ነው። ስለዚህ ባጃጅ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ላፕቶፑን ዝጉት። ክዳኑን ማጠፍ መዝጋት አይደለም፤ ቦርሳ ውስጥ ነቅቶ ሲሽከረከር የሚገኝ ብዙ ነው።

ፈትቶ ማውጣትና መቀየር

ላፕቶፑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት። በትንሽ ባለ መስቀል ካቻቢቴ የታችኛውን ክዳን ፍቱ። ብሎኖቹ ቁመታቸው ይለያያል፤ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ቅርጽ ስላችሁ እያንዳንዱን በቦታው አስቀምጡ። ረጅሙን ብሎን በአጭሩ ቦታ ያስገባ ሰው ቦርዱን ይበሳል። ዲስኩን በጎንና በጎን ያዙት። የታችኛውን ሰርኪዩት አትንኩ።

ሶኬቱን እዩ። ጠፍጣፋ ከሆነ ሳታ ነው። ሁለት ረድፍ መርፌ ካለው አይዲኢ ነው፤ ማሽኑ በጣም አሮጌ ነው ማለት ነው፣ ምትክም አታገኙለትም። ሳታ ከሆነ ማንኛውም 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ይገባለታል። ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ነው፤ የድሮው 9.5 ከነበረ እንዳይንቀጠቀጥ ትንሽ የፕላስቲክ ፍሬም ወይም የተቆረጠ ካርቶን ይበቃል። ያገለገለ ሌላ ሃርድ ዲስክ ከመግዛት አነስተኛ አቅም ያለው አዲስ ኤስኤስዲ እመርጣለሁ። ሞተር የለውም፣ የባጃጅ መንገድ አያስፈራውም፣ ያረጀው ላፕቶፕም ዳግም እንደተወለደ ይሆናል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ግን እሱም ይጎዳል። ባትሪውን አብራችሁ አስቡበት።

ዲስኩን ለሪከቨሪ ወደ አዲስ አበባ የምትልኩ ከሆነ ብቻውን አውጥታችሁ ላኩት። ከቻላችሁ በጸረ ስታቲክ ከረጢት፣ ከዚያ በወፍራም ስፖንጅ ጠቅልላችሁ በጠንካራ ካርቶን። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት የአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ላለ ዕቃ አይራራም። ለሚያውቁት ሰው በእጅ መስጠት ከሁሉም ይሻላል።

የሞተውን ዲስክ እንዲሁ ለቆራሌው አትስጡት። እናንተ ልታነቡት ያቃታችሁን ሌላ ሰው ሊያነበው ይችላል። በዜሮ መጻፍ ከቻለ ጻፉበት። ካልቻለ ክዳኑን ፍቱና ሰሌዳውን ስበሩት። የላፕቶፕ ዲስክ ሰሌዳ አብዛኛውን ጊዜ መስታወት ስለሆነ ሲመታ ይበተናል። በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ዓይናችሁን ሸፍናችሁ፣ ልጆችን አርቃችሁ ምቱት።